ብሬከሩን ማን ሠራው?

በሲኤምሲ ከዋናው አስፋልት ወደ መኖሪያ ግቢዎቹ በሚያስገቡ መንገዶች የሚነዳ ሰው ድንገት ከታች አንድ ነገር ይመታዋል። አንዳንዱ ሲሚንቶ ነው፣ አንዳንዱ በድንጋይ የተደገፈ አፈር፣ አንዳንዱ መንገድ አቋርጦ የተጋደመ ወፍራም ገመድ። ቀለም አልተቀባም፣ ምልክት የለውም፣ ማታ አይታይም። ማን ሠራው ቢባል የመንግሥት እጅ የለበትም። የሰፈሩ ሰው ብር አዋጥቶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግንበኛ ጠርቶ ያስፈሰሰው ነው።

ሕገ ወጥ ነው? አዎ። የሕዝብ መንገድ ላይ ያለ ፈቃድ ግንባታ አይፈቀድም፣ ይህን የሚል ባለሥልጣንም ትክክል ነው። ከሕጉ በላይ ደግሞ ሥራው ራሱ ችግር አለበት። እንግሊዞች በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) የመንገድ ጉብታ ሲሞክሩ ጥሩ ሆኖ ያገኙት 3.7 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ነበር። የሰፈር ብሬከር ግን ብዙ ጊዜ ከክንድ እምብዛም አይሰፋም። እንዲህ ያለው አጭር ጉብታ ቀስ ብሎ የሚያልፈውን ቪትዝ ሆዱን ይፍቀዋል፤ በፍጥነት የሚያልፈውን ትልቅ መኪና ግን አስደንጋጭ ይውጥለታል። ማለትም የሚቀጣው ጨዋውን ሾፌር ነው። አምቡላንስ ውስጥ የተኛችውን ነፍሰ ጡር ደግሞ ሳይጨመር።

ታዲያ ነዋሪው ለምን ይሠራዋል? አቤቱታው የሚያርፍበት ወንበር ስለሌለ ነው። ወረዳው «የትራፊክ ጉዳይ ነው» ይላል። የትራፊክ ፖሊስ ዋናው መንገድ ላይ ራዳር ይዞ መቆም ይችላል፤ ለእያንዳንዱ የሰፈር መንገድ ግን የሚመድበው ሰው የለውም። የትራፊክ ማኔጅመንት አለ፣ የመንገዶች ባለሥልጣን አለ፤ አንዱ ያጠናል፣ አንዱ ይሠራል፣ መሀሉ ላይ ደብዳቤው ይተኛል። የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ሲመሠረት ደግሞ «የእናንተ ሰፈር የትኛው ጋ ነው?» የሚል አዲስ ጥያቄ ተጨመረ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። በዚህ መሀል ልጅ ይገጫል፣ ብሬከሩም በማግስቱ ይፈሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ነገሩ «ትንሽ የሰፈር ጭቅጭቅ» የሚመስለው ካለ አንድ ቀላል ሒሳብ ይሥራ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ልጁን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም 5 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ድምሩ 13 ሜትር ነው። በ60 የሚመጣው ግን በዚያች አንድ ሰከንድ ብቻ ወደ 17 ሜትር ይነጉዳል። ኳሱን ተከትሎ 15 ሜትር ፊት ለፊት ብቅ ያለ ልጅ በ30 የሚመጣ መኪና ቢያጋጥመው መኪናው ሳይደርስበት ይቆማል። በ60 የሚመጣው ሾፌር ግን ልጁ ጋ የሚደርሰው ፍሬኑን ገና ሳይነካው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ለዓመታት የወጡ የከተማዋ ሪፖርቶች ሲደጋግሙት ኖረዋል።

ፍጥነቱ ከየት መጣ? የተለመደው መልስ «የሾፌር ባህሪ» ነው። ባህሪውስ ከየት መጣ? በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው ቀላል ባቡር የሲኤምሲን ዋና መንገድ ለሁለት ከፍሎታል። ወደ ማዶ መሻገሪያና መዞሪያ የሚገኘው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። ጠዋት ዋናው መንገድ ሲጨናነቅ መንገድ የሚያውቅ ሾፌር በውስጥ ለውስጥ ይቆርጣል። የሚገባበት መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ረጅም የግቢ አጥር ነው፤ የሚያቆመው ነገር የለም። መንገዱ ራሱ «ንዳ» ይለዋል።

ሌላም ደስ የማይል ነገር አለ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዋናው መንገድ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ የውስጥ መንገድ የሚበርረው ማነው? አቋራጭ ፈላጊ አይደለም። ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው። በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለ ፍጥነት ምሬቱን የጻፈው ሰው ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ልጁ፣ ወይም እንግዳው። ሁሉም በር ላይ ጉብታ ይፈልጋል፤ ከበሩ በፊት ያለው ጉብታ ግን ያናድደዋል።

ኮብልስቶንም መታወስ አለበት። ስንት ሰፈር ነው «አስፋልት ይግባልን» ብሎ ኮሚቴ ያቋቋመው! አቧራና ጭቃ ላይ የኖረ ሰው አስፋልት መመኘቱ አይፈረድበትም። ግን ያ የሚያንቀጠቅጠው ድንጋይ ያለ ፖሊስና ያለ ራዳር ፍጥነት ይቀንስ ነበር። አስፋልቱ ሲነጠፍ ፍሬኑ አብሮ ተነሣ፣ በቦታው ምን እንደሚተካ ግን የጠየቀ አልነበረም። አሁንም የኮሪደር ልማቱ ዋና መንገዶችን ሲያሳምር የእግረኛ መሄጃው መስፋቱ ይበል የሚያሰኝ ነው። የልጆቹ መንገድ ግን ከዋናው ሦስት መታጠፊያ ወደ ውስጥ ነው ያለው።

መፍትሔው ቢሊዮን ብር አይጠይቅም። በፈረንጆቹ 2020 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ የፍጥነቱ ጣሪያ 30 ይሁን ብለው ተስማምተዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በዚያው ዓመት ውሳኔያቸውን ደግፏል። ሙያውም እዚሁ አለ። ከዓመታት በፊት ለገሃር መጋጠሚያ ላይ በቀለምና በቀላል ዕቃዎች የእግረኛው ቦታ ሰፍቶ የመኪናው መታጠፊያ እንዲጠብ ተደርጎ ነበር። ለገሃር የሠራ ቀለም ሲኤምሲ አይሠራም የሚል መሐንዲስ ካለ ይናገር።

የጎደለው አሠራር ነው። ነዋሪው ማመልከቻ የሚሰጥበት አንድ መስኮት ይኑር፣ ወረዳው ላይ ቢሆን ይመረጣል። ማመልከቻው ቁጥር ይሰጠው፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን ይቆረጥ። መሐንዲስ መጥቶ ፍጥነቱን ይለካ፤ አይገባም ከተባለም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ። ይገባል ከተባለ ደግሞ ከተማው የራሱን ንድፍ ይስጥ፦ ስፋቱ ይኼን ያህል፣ ከፍታው ይኼን ያህል፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም፣ አስቀድሞ የሚታይ ምልክት፣ ከትምህርት ቤት በር ፊት ደግሞ ከፍ ያለ መሻገሪያ። ነዋሪው ብሩን እያዋጣ ነው፤ እያዋጣ ያለው ግን ለተሳሳተው ጉብታ ነው። ያንኑ ብር በደረሰኝ ተቀብሎ በትክክል መሥራት ለከተማው ኪሳራ የለውም።

በዘመቻ መልክ ብሬከሮቹን በዶማ አስነሥቶ መሄድም ይቻላል። ያን ጊዜ የሰፈሩ ኮሚቴ እሑድ ተሰብስቦ ብር ያዋጣል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት ሌላ ሲሚንቶ ይቦካል።