ካራት ጠይቆ ቅርጽን መርሳት፦ ወርቅ ቤት የምንከፍለው የይሉኝታ ግብር

እስቲ በግልጽ እንነጋገር። አንድ ሙሽራ ከዓለም ገና ተነስቶ መርካቶ ወርቅ ቤት ሲገባ ስንት ጥያቄ ይጠይቃል? ሁለት። «ስንት ካራት ነው?» እና «መጨረሻው ስንት ነው?»። ስለ ወርቁ ከሆነ ደህና ጠይቋል። ስለ ድንጋዩ ከሆነ ግን ምንም አልጠየቀም።

መጀመሪያ ቃሉን እንለይ። የወርቅ ካራት የንጽህና መለኪያ ነው፤ 24 ንጹሕ ወርቅ፣ 21 ማለት 87.5 በመቶ፣ 18 ማለት 75 በመቶ። የአልማዝ ካራት ግን ክብደት ብቻ ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም። ሻጭ «አንድ ካራት አልማዝ ነው» ሲል ስለ ጥራቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኛ ግን ጥራት የሰማን መስሎን እንከፍላለን።

አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠው፣ «ፕሪንሰስ ከት» የሚባለው ድንጋይ ለዚህ ብልጠት የተመቸ ነው። ቆራጩ ክብደት እንዳይባክንበት ሲል ከታች ሆዱን ማወፈር ይችላል። ወርዱ 5.5 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ የወርዱ 72 በመቶ የሆነ ድንጋይ 1 ካራት ገደማ ይመዝናል። ወርዱ 5.2 ሆኖ ጥልቀቱ 85 በመቶ የሆነውም እንዲሁ! ክብደቱ አንድ፣ ከላይ የሚታየው ገጽ ግን በ10 በመቶ ገደማ ያነሰ። ትርፉ ክብደት ቀለበቱ ውስጥ ተቀብሯል፤ አይታይም፣ ግን ተከፍሎበታል።

«ሰርተፍኬት አለው» ለሚሉን ደግሞ፦ ታዋቂው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም (ጂአይኤ) የአቆራረጥ ደረጃ የሚሰጠው ለክቡ አልማዝ እንጂ ለፕሪንሰስ አይደለም። ወረቀቱ ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ካያችሁ ስለ አወላወሉ ወይም ስለ ገጾቹ መመጣጠን ሊሆን ይችላል። ስለ ቅርጹ የሚናገረው ልኩ ነው።

«አልማዝ የሀብታም ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል። አርቴፊሻል ድንጋይ ያለበት ቀለበት ከነድንጋዩ ተመዝኖ በወርቅ ዋጋ ከተሸጠላችሁ፣ ጠጠር በወርቅ ዋጋ ገዝታችኋል። የማይጠይቅ ገዢ በሀብታም ሱቅም በድሃ ሱቅም ያው ነው።

ነገሩ እንደ አገርም ያው ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የወገል ጤና ኦፓል ሲገኝ ብዙው ጥሬው ተመዝኖ ሄደ፤ የተቆረጠው ህንድ፣ ጃይፑር ነው። ስንሸጥ በክብደት፣ ስንገዛም በክብደት። የቅርጹን ዋጋ ሁልጊዜ ሌላው ይበላዋል።

ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ ርዝመቱና ወርዱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ርዝመቱን ለወርዱ አካፍሉ፤ ከ1.00 እስከ 1.05 ከሆነ ለዓይን እኩል አራት ማዕዘን ነው፤ ካለፈ እየረዘመ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ጥልቀቱ ስንት በመቶ ነው? ከ75 ካለፈ ተጠራጠሩ።

ሦስተኛ፣ አራቱም ሹል ማዕዘኖች በወርቁ ተይዘዋል? ቶሎ የሚሰበሩት እነሱ ናቸውና።

ልኩን ማሳየት የከበደው ሻጭ ካለ ደግሞ መልሱን ሰጥቷችኋል፤ አመስግናችሁ ውጡ። ሽማግሌ አብሮኝ አለ፣ ዘመድ ይታዘበኛል ብላችሁ አትፈሩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ወርቅ ቤት ውስጥ ግን ዝምታ ኪሳራ ነው።