«አርፈህ ተማር»

ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ልጃቸውን ወደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚልኩ ብዙ ወላጆች በስንብት ቀን «አርፈህ ተማር» ይሉታል። ቃሉ የፍቅር ቃል መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ዕረፍት ሁሉ ለትምህርት ይጠቅማልን? ብለን ብንመረምረው መልካም ነው።

ልጁ ከ1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ሞቃት ሜዳ ተነሥቶ፥ በደብረ ሲና ዐቀበትና በጣርማ በር ዋሻ በኩል፥ 2,800 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው ብርድ አገር ይወጣል። ጋቢ ይታሰብለታል፤ ጠባዩ ግን ብዙ ጊዜ አይታሰብም።

የሰውን ጠባይ የሚመራመሩ ሊቃውንት በ5 ታላላቅ ክፍል ይመለከቱታል፤ ይኸውም አዲስ ነገርን ለማወቅ መጓጓት፥ በሥራ ጥንቁቅና ትጉህ መሆን፥ ከሰው ጋራ መጫወትን መውደድ፥ ገርነት፥ እንዲሁም የመንፈስ መሸበር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 አርተር ፖሮፓት የተባለው ተመራማሪ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ቢያነጻጽር፥ ከእነዚህ ሁሉ ለትምህርት ውጤት የሚበልጠው ትጋት ሆኖ አገኘው። ከእርሱ በፊት በ1998 ግሪጎሪ ፌይስት የሳይንስና የኪነ ጥበብ ሰዎችን ጠባይ መርምሮ፥ አዲስ ነገር የሚፈጥሩት ልባቸው ለአዲስ ሐሳብ የተከፈተና ልማድ ብዙ የማያስራቸው መሆናቸውን ጻፈ። እንግዲህ ደብተሩን የሚሞላው ጠባይና አዲስ ብልሃት የሚወልደው ጠባይ አንድ አይደሉም።

በቤታችን የፊተኛው ይመሰገናል፤ የኋለኛው ይገሠጻል። ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ልጅ፥ ምርቱ ባንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው እንዴት እንደሚወድቅ፥ ያልተሸጠውም በቆላው ሙቀት እንዴት እንደሚበሰብስ እያየ ያድጋል። «ሳይበላሽ የሚቆይበት ጎተራ እንዴት ያለ ቢሆን ነው?» ብሎ መምህሩን ቢጠይቅ፥ ጥያቄው ለምርምር የሚበቃ ነው። ነገር ግን «በትልቅ ሰው ፊት አትናገር» ተብሎ ያደገ እንደ ሆነ፥ በመምህሩም ፊት ያንኑ ሥርዓት ይጠብቃል፤ ጥያቄውም ሳይነገር ከእርሱ ጋራ ተመርቆ ይወጣል። ለሴት ልጅማ ክልከላው ዕጥፍ ነው።

ዝምተኛ ሁሉ ግን ሐሳብ የሌለው አይምሰለን። በጉባኤ አፉን የማይከፍት ልጅ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋራ በቤተ ሙከራ ሲሆን ሊበረታ ይችላል። ጠባይም ከዘር የሚወረስ ክፍል ቢኖረው እንኳ፥ በወጣትነት ዘመን መለወጡን አያቋርጥም።

ስለዚህ ልጁ ለዕረፍት ወደ ቆላ ሲወርድ፥ ውጤቱን ከጠየቃችሁት በኋላ በዚህ ዓመት መምህሩን ምን እንደ ጠየቀ ጠይቁት። አባት የማያውቀው ነገር ቢነሣ «ይህንስ አላውቀውም፤ አንተ ፈልገህ ንገረኝ» ማለት ክብርን አይቀንስም። ከዚያም አባትና ልጅ ወደ ሽንኩርቱ ማሳ አብረው ቢወርዱ ይሻላል።