ሳሉን ሁሉ በብርድ አናሳብብ

የታኅሣሥ ውርጭ ገብቷል። ገናና ጥምቀት በደጅ ናቸው፤ የጥር ሠርግም ይከተላል። በዚህ ወቅት በርና መስኮቱን ቀለም ያላስነካ ሰው በሰፈራችን ጥቂት ነው። ቤትን ማሳመር ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ቀለም በተቀባ ማግስት ከየቤቱ ሳል ይሰማል፤ ደረት ይጨመቃል፤ ዓይን ያለቅሳል፤ ራስ ይዞራል። ምን ሆናችሁ ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ብርድ መታን»። እኛ ግን ብርዱ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል እንላለን። የብርዱ ጥፋት በር ማዘጋቱ ነው።

የዘይት ቀለም የሚቀጥነው በቲነር ወይም በአኳራጅ ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ማቅጠኛው እየተነነ ቤቱን ይሞላል፤ የምንተነፍሰውም እሱን ነው። ጉሮሮንና የሳንባን ቧንቧ ይቆጠቁጣል፤ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። ከአየር የከበደ ስለሆነ ነፋስ በሌለበት ቤት ወደ ወለሉ ያደላል፤ ወለል ላይ የሚተኙት ደግሞ ልጆች ናቸው።

በጀማ ቆላ ቢሆን በርና መስኮት ከፍቶ መዋል አይከብድም። ከ3000 ሜትር በላይ ባለው በመንዝ ደጋ ግን በር በጊዜ ይከረቸማል። ቀለሙም በብርድ ቶሎ አይደርቅም፤ ሽታው ይሰነብታል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ካለው 30 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ሳንባው የደከመ ሰው ይህ ሲጨመርበት ምን ይሆናል?

ከሁሉ የከፋው ቀለሙ ቶሎ ይድረቅ ተብሎ በተዘጋ ቤት ከሰል ማቀጣጠል ነው። የቲነር ትነት በቀላሉ እሳት ይይዛል። ከሰሉም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ሰውን በተኛበት ይገድላል።

«ወተት ጠጣበት፤ ያጥበዋል» የሚባለውም አያዋጣም። ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ትነቱ የገባው ወደ ሳንባ ነው። አፍንጫ ላይ የሚታሰር ነጠላም ሆነ ተራው የጨርቅ ማስክ አቧራ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ትነትን አይመልስም። መድኃኒቱ ንጹሕ አየር ነው።

ቀለም ቀቢውንም እናስብ። እኛ አንድ ጊዜ ብንስል እሱ ዓመቱን ሙሉ ይተነፍሰዋል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የቀቢነትን ሥራ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ የመደበው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ታዲያ ልጁን «ብርድ ይገባል፤ በሩን ዘግተህ ቀባ» ማለት ተገቢ ነውን?

ስለዚህ የሚከተለውን ማሳሰብ እንወዳለን። ቀለም የሚቀባ ሰው በዓሉ ሳይደርስ ቀደም ብሎ፣ ረፋድ ላይ ጀምሮ፣ በርና መስኮት ከፍቶ ይቀባ። ለግድግዳ በውኃ የሚቀጥነው ቀለም ሽታው ይቀላል። ቤት አከራዮችም ተከራይ ከነልጁ ባለበት ክፍል ከማስቀባታቸው በፊት አስቀድመው ይንገሩ። አራስ፣ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊና አስመኛ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ በዚያ ቤት አይደሩ።

«የት ይደሩ?» የሚል አይጠፋም። እኛ ዘንድ! ለለቅሶ ድንኳን የሚተክል ሰፈር፣ ለሠርግ ድስትና ብርጭቆ የሚዋዋስ ጎረቤት፣ ለሁለት ለሦስት ሌሊት አንዲት አራስ ማስጠጋት አያቅተውም። ቤት የሚያስቀባ ሰው አስቀድሞ ለጎረቤቱ ይንገር፤ ጎረቤትም ሳይጠየቅ መደብ ያሰናዳ።

ሳል የጀመረው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ። ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱ ሲር ሲር ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ራሱን ከሳተ «ያልፍለታል» ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ቀለም መተንፈሱም ለሐኪሙ ይነገር። ብርድ ነው ብለን ከደበቅነው ሐኪሙ ምን አይቶ ያክመዋል?

በዓሉን በጤና ያድርስልን።