በእጅ የያዙት ወርቅ

ስለ ሥነ ጥበብ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወዲያው ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። የግብጽ መቃብሮች፣ የአውሮፓ ዋሻዎች፣ በታላላቅ ሙዚየሞች የተሰቀሉ ሥዕሎች ይታወሱናል። እነዚህን ማወቅ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የጥበብን ሥራ የማድነቅ ችሎታ የሚጀምረው በየቀኑ ከምንነካው ዕቃ ነው፤ የሚጠነክረውም አስተውሎ በማየትና በገዛ እጅ በመሞከር ነው። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

አንገር ጉቲን በምሥራቅ ወለጋ፣ ከነቀምቴ በስተሰሜን፣ በአንገር ወንዝ ሸለቆ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ አስተምር በነበረበት ወቅት ተማሪዎቼን፣ «ነገ ከየቤታችሁ አንድ የጥበብ ሥራ ይዛችሁ ኑ» ብዬ አዘዝኋቸው። በማግስቱ ሁሉም ባዶ እጃቸውን መጡ። አንዱ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ እኛ ቤት ሥዕል የለም» አለኝ። ይህን ሲናገር ቆሎ የያዘባት ትንሽ ሙዳይ ከፊቱ ተቀምጣ ነበር። ሙዳይዋን አንሥቼ፣ «ይህችን ማን ሰፋት?» አልሁት። «እናቴ» አለ። «ጌጡ ዙሪያውን ስንት ጊዜ ይደጋገማል?» ብዬ ብጠይቀው ግን መልስ አልነበረውም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በዚህ ተማሪ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ታላላቅ ምሁራንም ከፊታቸው ያለውን ሳያዩ ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1879 በሰሜን ስፔን በሚገኘው የአልታሚራ ዋሻ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ቀና ብላ የጣሪያውን ሥዕሎች አየች። አባቷ ማርሴሊኖ ሳንስ ደ ሳውቱኦላ ሥዕሎቹ ከታሪክ በፊት የነበሩ ሰዎች ሥራ መሆናቸውን ሲገልጹ፣ የዘመኑ ሊቃውንት አላመኗቸውም። «የዋሻ ሰው እንዲህ አድርጎ ሊሥል አይችልም» የሚል እምነት አስቀድሞ ዓይናቸውን ጋርዶት ነበር። አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ የሆኑት ኤሚል ካርታያክ ስሕተታቸውን በጽሑፍ ያመኑት እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ሳውቱኦላ ግን እ.ኤ.አ. በ1888 ሞተው ስለነበር ይህን ለመስማት አልበቁም። እንግዲህ የማየት የመጀመሪያው ደንብ፣ «ከዚህ ምንም አይገኝም» የሚለውን ፍርድ ማቆየት ነው።

ሁለተኛው ደንብ፣ ሠሪው ምን ለማድረግ እንደ ፈለገ መጠየቅ ነው። የጥንት ግብጻውያን ሰውን ሲሥሉ ፊቱን ከጎን፣ ዓይኑን ከፊት ለፊት፣ ትከሻውን ከፊት ለፊት፣ እግሩን ደግሞ ከጎን ያሳያሉ። ይህን ያየ ሰው፣ «መሣል አይችሉም ነበር» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሳይጨረሱ በቀሩ ግድግዳዎች ላይ የሚታዩት የቀይ ቀለም መስመሮች እያንዳንዱ አካል በልክ ይቀመጥ እንደነበር ይመሰክራሉ። የመቃብር ሥዕል ለሟቹ ዘላለማዊ ሕይወት የሚያገለግል ስለነበር፣ እያንዳንዱ የአካል ክፍል ጎልቶ በሚታወቅበት በኩል መታየት ነበረበት። በእኛም አገር በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ቅዱሳን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሠዓሊው ሁለተኛውን ዓይን ረስቶት አይደለም፤ በመተው ተናገረ እንጂ።

ምናልባት፣ «ሙዳይ የቤት ዕቃ እንጂ የጥበብ ሥራ አይደለም» የሚል ይኖራል። ይህ አስተያየት ሊናቅ አይገባውም፤ ሆኖም አሁን እንዳየነው የግብጽም ሥዕል ለአገልግሎት የተሠራ ነበር። አገልግሎት ጥበብን አያጠፋም። ስፌት የምትሰፋ ሴት አክርማና ስንደዶ መርጣ፣ አለላውን ነክራ፣ ወስፌዋን ይዛ ስትቀመጥ በፊቷ የተሣለ ንድፍ የለም። ክቡ እየሰፋ ሲሄድ ጌጡ እንዳይዛባ በልቧ እየቆጠረች ትሰፋለች። በነቀምቴው የወለጋ ሙዚየም የኦሮሞን ሕዝብ የባህል ዕቃዎች የሚያይ ጎብኚ በአድናቆት ይቆማል። የእነዚያ ዕቃዎች ዘመዶች ግን ገና በየቤታችን አሉ። አንገር ጉቲን ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ሰዎች የሚኖሩባት ስለሆነች፣ የአንዱን ቤት ጮጮ ከሌላው ቤት ሙዳይ ጋር ማነጻጸር ለሚፈልግ ተማሪ ሩቅ መሄድ አያሻውም።

ማየት ብቻውን ግን አይበቃም። ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በለንደን ተምረው ሳለ፣ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያን የብራና ሥዕሎች በጥንቃቄ አጥንተዋል። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን የሚያሳየውን ባለ ቀለም የመስተዋት ሥራ የሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። አጥንቶ ማየት ለመፍጠር ያዘጋጃል፤ ለመፍጠር የሞከረም የሌላውን ሥራ በተሻለ ዓይን ያያል።

ያን ተማሪ ሙዳይዋን በእርሳስ እንዲሥላት አዘዝሁት። ሦስት ጊዜ ሥሎ ሦስት ጊዜ ደመሰሰ፤ ጌጡ ዙሪያውን ሲዞር መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር አልገጥምለት አለ። በማግስቱ፣ «እናቴን ጠየቅኋት፤ አስቀድማ ትቆጥረዋለች» አለኝ። ልጁ እናቱ የሰፋችውን ሥራ ያየው ያን ቀን ነው።

ዛሬ የፕላስቲክ ዕቃ በርካሽ ይገኛል፤ መግዛቱም ነውር አይደለም። ነገር ግን የእናቶቻችን ቆጠራ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ የሚጠይቅ ልጅ ካጣ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ ስለ ግብጽ አንብቡ፤ ስለ አልታሚራም እወቁ። ነገር ግን ዛሬ ማታ ከቤታችሁ አንድ ዕቃ አንሡ፤ ጌጡን ቁጠሩ፤ ሣሉት፤ የሠራውንም ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁት።