የጠፋው የክትባት ካርድና የቪዛው ምርመራ

በዛሬው ጽሑፋችን በብዙ ቤተሰቦች ውስጥ ጭንቀት የሚፈጥር፣ ነገር ግን በግልጽ የማይወራ አንድ ጉዳይ እናነሣለን። ይኸውም በኢሚግራንት ቪዛ ወደ አሜሪካ ለመሄድ የሚያመለክት ሰው ማሟላት ያለበት የክትባት ጉዳይ ነው።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ባል አስቀድሞ ሄዷል፤ ሚስት ልጆቿን ይዛ ዓመታት ጠብቃለች። ጉዳዩ በቤትም በኅብረትም ሲጸለይበት ቆይቷል። በመጨረሻ የሕክምና ምርመራ እንዲያደርጉ ሲነገራቸው፣ ደስታው ገና ሳይበርድ አንድ "አዋቂ" ብቅ ይልና "ካርድ ከሌላችሁ ክትባቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መውሰድ አለባችሁ፤ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ቀጠሮው ያልፍባችኋል" ይላል። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ካርድ የሚሞላ ሰው አውቃለሁ" ይላል።

ወገኖች፣ ይህ ምክር ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጁ ማለት በመሆኑ ብቻ አይደለም የሚያሳዝነው። ጨርሶ የማያስፈልግም ነው። ሰዎች ኃጢአት የሚሠሩት ሕጉ ያልጠየቃቸውን ነገር ለማሟላት ነው። ስለዚህ ሕጉ የሚጠይቀውን በትክክል ማወቅ ይበጃል።

ሕጉ የሚጠይቀው

ክትባትን የኢሚግራንት ቪዛ ግዴታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። ሕጉ በስም የጠቀሳቸው በሽታዎች ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍ፣ ሩቤላ ወይም የጀርመን ኩፍኝ፣ ፖሊዮ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ እና ሄፓታይተስ ቢ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ እንደ ጉድፍና የወቅቱ ጉንፋን ያሉትን የጨመረው ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ነው።

ዝርዝሩ እንደ ዕድሜ ይለያያል። ለሕፃን የሚጠየቀው ለአያት አይጠየቅም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1957 በፊት የተወለዱ፣ ልጆቻቸው የሚወስዷቸው አባቶችና እናቶች የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላውን ጥምር ክትባት እንዲወስዱ አይገደዱም።

ዝርዝሩ በየጊዜውም ይለወጣል። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤች ፒ ቪ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2008 ተጨምሮ በታኅሣሥ 2009 ተነሥቷል። የኮቪድ ክትባት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ግዴታ ሆኖ ቆይቶ፣ በአሜሪካ ውስጥ ሆነው ለመኖሪያ ፈቃድ ለሚያመለክቱ በጥር 2025 ቀርቷል። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት የሄደ ጎረቤት የነገራችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። ኤምባሲው በወቅቱ ያወጣውን መመሪያ አንብቡ።

ስድስት ወር የሚለው ወሬ ከየት መጣ?

ወሬው ሥር አለው። ለምሳሌ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተለመደው አሰጣጥ በሦስት ዙር በስድስት ወር ውስጥ የሚጠናቀቅ ነው። ነገር ግን ለቪዛ ሁሉንም ዙር መጨረስ አይጠየቅም። አመልካቹ ለዕድሜው ከሚያስፈልጉት ክትባቶች የጎደሉትን በምርመራው ወቅት አንድ አንድ ጊዜ ይከተባል። የሚቀጥለው ዙር ጊዜው ያልደረሰ ከሆነ ሐኪሙ "ለቀጣዩ ዙር በቂ ጊዜ አላለፈም" ብሎ በቅጹ ላይ ይመዘግባል፤ ይህም በራሱ ቪዛ አያስከለክልም። ቀሪውን እዚያው ከገባችሁ በኋላ ትጨርሳላችሁ። በመካከል የተቋረጠ ክትባትም ቢኖር ማስረጃው እስካለ ድረስ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና "ሀ" ተብሎ አይጀመርም።

እንግዲህ አስቡት! የጎደለ ክትባት በአንድ ቀን ቀጠሮ መልክ ይይዛል። ሐሰተኛ ካርድ ግን በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ቪዛ ለማግኘት ሆን ብሎ እንደ ማታለል ተቆጥሮ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። ከዚህም በላይ ልጁ ያልወሰደውን ክትባት እንደ ወሰደ ተጽፎለት ሐኪሙ ያልፈዋል፤ ልጁም በሽታው ሲመጣ ያለ መከላከያ ይቀራል። ካርዱ ኤምባሲውን ያታልል ይሆናል፤ ኩፍኝን ግን አያታልለውም።

ካርድ ከሌለስ?

በአገራችን መደበኛው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ወይም ጤና ጣቢያ በሌለበት ገጠር ያደገ ሰው ካርድ ባይኖረው የሚያስደንቅ አይደለም። ካርድ ማጣት ጥፋት አይደለም፤ ሐኪሙ የጎደለውን ይሰጣል።

"ተከትቤአለሁ" የሚል የቃል ምስክርነት ግን ተቀባይነት የለውም። ክትባቱ የተሰጠበት ቀን የተጻፈበት ማስረጃ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ ያሳያል። ያ ጠባሳ በአብዛኛው የቢ ሲ ጂ፣ ማለትም የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ምልክት ነው፤ ቢ ሲ ጂ ደግሞ በአሜሪካ ዝርዝር ውስጥ የለም። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀትም እንዲሁ ሌሎቹን አይተካም።

ካርድ ያላችሁም ብትሆኑ ሁሉም ነገር ተሟልቷል ብላችሁ አትደምድሙ። በአገራችን ለብዙ ዓመታት በዘጠኝ ወር ሲሰጥ የቆየው ክትባት ኩፍኝን ብቻ የሚከላከል ስለሆነ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን አይሸፍንም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ወደ ሕፃናት ፕሮግራም የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስለዚህ ካርዱ ሙሉ የሆነ ልጅ እንኳ ጥቂት መርፌ ቢጨመርለት አትደንግጡ። እናቶችም በእርግዝና ጊዜ የወሰዳችሁት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ካርድ ካለ ይዛችሁ ሂዱ።

ለአንዳንዶቹ በሽታዎች ሌላም መንገድ አለ። ለኩፍኝ፣ ለጆሮ ደግፍ፣ ለሩቤላ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ለጉድፍ በሽታ የመከላከል አቅም እንዳላችሁ በደም ምርመራ ከተረጋገጠ ክትባቱ ላያስፈልግ ይችላል።

በ"ዓ.ም." የተጻፈ ቀን

ትንሽ የምትመስል፣ ነገር ግን ብዙ የምታደናግር ነገር እናንሣ። የአገራችን ካርዶች የሚሞሉት በእኛ አቆጣጠር ነው። አንድ ካርድ ላይ "12/3/2011" ተብሎ ቢጻፍ ለእኛ ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር ኅዳር 21 ቀን 2018 ይሆናል። አሜሪካዊ ግን ወርን ከቀን አስቀድሞ ስለሚያነብ "ታኅሣሥ 3 ቀን 2011" ብሎ ይወስደዋል። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ2018 የተወለደ ልጅ ከመወለዱ ከስድስት ዓመት በላይ አስቀድሞ ተከተበ ማለት ነው! ካርዱን ለሐኪሙ ስታቀርቡ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ተናገሩ። በተለይ አሜሪካ ከገባችሁ በኋላ ለትምህርት ቤት ስታቀርቡ በትክክል የተለወጠ ቅጂ ይኑራችሁ። በዋናው ካርድ ላይ ግን በእጃችሁ ምንም አትሰርዙ፣ አትደልዙም።

ለባለትዳሮችና ለእጮኛሞች

የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላው ጥምር ክትባት እንዲሁም የጉድፍ ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለባቸው ናቸው፤ ስለዚህ ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። ነፍሰ ጡር የሆነች እኅት ይህን ስትናገር ሐኪሙ ለጊዜው እንደማይሰጣት ምክንያቱን ይጽፋል፤ ቪዛውን የሚያስከለክል ጉዳይ አይደለም። "ቪዛው ይሰናከልብኝ ይሆናል" ብሎ እርግዝናን መደበቅ ራስንም በማኅፀን ያለውንም ልጅ ላልተፈለገ ስጋት መዳረግ ነው። በዚያው ዕለት የደረት ራጅ ስለሚኖርም ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

እነዚህን ክትባቶች የወሰደች ሴት ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ወር ከማርገዝ መቆጠብ አለባት። ባልና ሚስት ከዓመታት መለያየት በኋላ የሚገናኙበት ጊዜ ከዚህ ጋር ሊገጣጠም ስለሚችል አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። በስልክ ስለ ትኬትና ስለ ሻንጣ የምትነጋገሩ ከሆነ ስለዚህም ለመነጋገር አትፈሩ።

በእጮኛ ቪዛ የምትሄዱ ደግሞ ክትባቱ ቪዛውን ለማግኘት ግዴታ እንዳልሆነ ዕወቁ። ነገር ግን ከጋብቻ በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ ስታመለክቱ ይጠየቃል። ስደተኛ ሆነው የሚገቡ ወገኖችም በተመሳሳይ የሚጠየቁት ከገቡ በኋላ ለመኖሪያ ፈቃድ ሲያመለክቱ ነው።

ከሐኪሙ የማይደበቅ

ሕያው ቫይረስ ያለበት ክትባት የሰውነት መከላከያው በጣም ለተዳከመ ሰው ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖሩ፣ የካንሰር ሕክምና የምትወስዱ ወይም ሌላ ከባድ መድኃኒት ላይ ያላችሁ ለሐኪሙ ሳትሸሽጉ ንገሩ። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ይከለክል የነበረው ደንብ እ.ኤ.አ. ከጥር 4 ቀን 2010 ጀምሮ ቀርቷል። ስለሌለ ክልከላ ተብሎ ራስን አደጋ ላይ መጣል አይገባም።

ከምርመራው በፊት በነበሩት ሳምንታት የወሰዳችሁት ክትባት ካለም ተናገሩ። ሕያው ክትባቶች በአንድ ቀን አብረው ካልተሰጡ በመካከላቸው 28 ቀን ሊኖር ይገባል። በችኮላ አስቀድሞ አንዱን መውሰድ ሌላውን ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ምርመራውን የሚያደርገውን ክሊኒክ ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ምርመራውን የሚያደርጉትም ኤምባሲው የመረጣቸው ሐኪሞች ብቻ መሆናቸውን አትርሱ።

"እምነቴ አይፈቅድልኝም" የሚሉስ?

ጥቂት ወገኖች ክትባትን ከእምነት ጋር አጋጭተው ያያሉ። የአሜሪካ ሕግ ለእነዚህም ቦታ ትቷል፤ አመልካቹ በሃይማኖታዊ እምነቱ ወይም በኅሊናው ምክንያት ማንኛውንም ክትባት በማንኛውም መልኩ የሚቃወም መሆኑን፣ ተቃውሞውም ከልብ መሆኑን ካስረዳ ምሕረት ሊጠይቅ ይችላል። የሚወስነው ግን ሐኪሙ ሳይሆን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ነው። ልብ በሉ፤ አንዱን ክትባት ተቀብሎ ሌላውን መምረጥ ለዚህ አያበቃም። ለመዘግየት ወይም መርፌ ለመፍራት እምነትን ሽፋን ማድረግም ከሐሰተኛው ካርድ ብዙ የሚለይ አይደለም።

አብዛኞቻችን ግን ለታመመ እየጸለይን ወደ ሐኪም ቤትም የምንወስድ ነን። ጸሎትን ከክትባት ጋር ማጣላት አያስፈልግም።

አሁን ምን እናድርግ?

ሳጥናችሁን ክፈቱና የእያንዳንዱን ልጅ ካርድ ፈልጉ። ከጠፋ ልጁ የተከተበበት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ በመዝገብ ላይ ካለ ጠይቁ፤ እነርሱ ከመዝገባቸው አይተው የሚሰጡት ማስረጃ እውነተኛ ነው። ካርዱን ከልደት የምስክር ወረቀቱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ፤ በስልክም ፎቶ አንሡት። ከምርመራው በኋላ የሚሰጣችሁን የክትባት ማስረጃ ቅጂ አትጣሉ፤ ቀሪውን ዙር የሚያስጨርሳችሁ እርሱ ነው።

በመጨረሻም የልጃችሁ የክትባት ቀን ከደረሰ የቪዛ ቀጠሮ አትጠብቁ። የቪዛ ነገር ሊዘገይ፣ ሊታገድ፣ ደንቡም ሊለወጥ ይችላል፤ ሄደው የሚኖሩም፣ እዚሁ የሚቀሩም አሉ። ልጁ ግን በየትም አገር ቢያድግ በሽታ ያገኘዋል። በጊዜው የተሰጠ ክትባትና በእውነት የተሞላ ካርድ በሁለቱም አገር ይጠቅሙታል።

ሰላም ሁኑ።