በክረምት እንቁላል ማስፈልፈል፦ ውኃውን ሚዛን ይወስን

በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር እንቁላልንና የዶሮ ሥጋን ከትኩረት መስኮቹ መካከል አድርጎ ከያዘ ወዲህ የጫጩት አቅርቦት የየወረዳው አጀንዳ ሆኗል። ከዶሮ ማባዣ ማዕከላት ርቀው ለሚገኙ ቀበሌዎች በቤት ውስጥ የሚሠራ አነስተኛ የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን አንዱ አማራጭ ነው። ይሁን እንጂ ማሽን ስለተገኘ ብቻ ጫጩት አይገኝም። በተለይ በክረምት 21 ቀን ከተጠበቀ በኋላ አካላቸው የተሟላ ጫጩቶች ቅርፊቱን ሳይሰብሩ ሞተው የሚገኙበት ጊዜ አለ።

ኪሳራው ቀላል አይደለም። ከ100 እንቁላል 80 ጫጩት ከተገኘ አንዱ ጫጩት የአንድ እንቁላል ከሩብ ዋጋ ይሸከማል። 50 ብቻ ከተፈለፈለ ግን እያንዳንዱ ጫጩት የሁለት እንቁላል ዋጋ ወጥቶበታል ማለት ነው። የመብራትና የጉልበት ወጪ ደግሞ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው።

የችግሩ አንዱ ምንጭ እርጥበት ነው። እንቁላል በማሽን ውስጥ በሚቆይባቸው የመጀመሪያዎቹ 18 ቀናት ከክብደቱ ከ11 እስከ 14 በመቶ የሚሆነውን ውኃ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ማስወጣት አለበት። በወጣው ውኃ ምትክ በሰፊው ጫፍ በኩል የአየር ክፍተት ይፈጠራል። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከመስበሩ በፊት የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስበው ከዚሁ ክፍተት ነው። እርጥበቱ ከበዛ ክፍተቱ ይጠብና ጫጩቱ ታፍኖ ይሞታል፤ ቢወጣም ሆዱ ያበጠ፣ ላባው የተጣበቀና ደካማ ይሆናል። እርጥበቱ ካነሰ ደግሞ ስሱ ሽፋን ይደርቅና ጫጩቱ ተጣብቆበት መዞር ያቅተዋል።

ከማሽን ጋር የሚመጡ መመሪያዎች በአብዛኛው እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት እንዲኖር ያዛሉ። ለዚህም የውኃ መያዣው እንዲሞላ ይመክራሉ። ምክሩ የአካባቢውን አየር ከግምት ካላስገባ ግን ጉዳት ያመጣል።

አየር ሲሞቅ እርጥበት የመያዝ አቅሙ ይጨምራል። ስለዚህ ክረምት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እንደ ደብረ ታቦር ባለ ደጋማ አካባቢ የቤቱ ሙቀት 15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ እርጥበቱም 90 በመቶ ቢሆን ያው አየር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ 37 ነጥብ 5 ዲግሪ ሲደርስ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። ውጭ ዝናብ እየጣለ ማሽኑ ውስጥ ያለው አየር ደረቅ ነው ማለት ነው። በቆላማው መተማ ግን 27 ዲግሪ ሙቀትና 85 በመቶ እርጥበት ያለው የቤት አየር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ሲሞቅም እርጥበቱ ከ45 በመቶ በታች አይወርድም። እንቁላሎቹ የሚያወጡት ውኃ ሲጨመርበት መያዣውን መሙላት ጫጩቱን ለመታፈን ያጋልጠዋል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ወደ 2 ሺህ 700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ እንቁላል ውኃውን በፍጥነት ያጣል። ለቆላ የተሰጠ ምክር ለደጋ፣ ለደጋ የተሰጠውም ለቆላ አይሠራም።

ደጋ ላይ በክረምት የሚፈጸም ሌላ ስሕተት ብርድን በመፍራት የማሽኑን የአየር ቀዳዳ መድፈንና በብርድ ልብስ መጠቅለል ነው። በዚህ ጊዜ ከእንቁላሉ የወጣው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ፅንሱም የሚተነፍሰው አየር ያጥረዋል። ማሽኑ ባለበት ክፍል ከሰል ማንደድም ለፅንሱም ለሰውም አደገኛ ነው።

ታዲያ የውኃው መጠን በምን ይወሰን? መልሱ የኩሽና ሚዛን ነው። 30 እንቁላሎች አማካይ ክብደታቸው 50 ግራም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን 1 ሺህ 500 ግራም ይመዝናሉ። የሚጠበቀው ቅናሽ 12 በመቶ ከሆነ በ6ኛው ቀን 1 ሺህ 440፣ በ12ኛው ቀን 1 ሺህ 380፣ በ18ኛው ቀን 1 ሺህ 320 ግራም መሆን አለባቸው። ክብደቱ ከዚህ በላይ ከሆነ ውኃውን መቀነስና የአየር ቀዳዳውን መክፈት፣ ከዚህ በታች ከሆነ ውኃ መጨመር ይገባል። በ18ኛው ቀን እንቁላል ማገላበጥ ይቆማል፤ እርጥበቱም ከፍ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ማሽኑን ደጋግሞ መክፈት አይመከርም።

ከማሽን በፊት የሚሠራ ሥራም አለ። በክረምት የዶሮ ጎጆ ስለሚረጥብ እንቁላል በጭቃና በኩስ ይበከላል። የቆሸሸውን ማጠብ ጀርም በቀዳዳዎቹ እንዲገባ ስለሚረዳ የሚሻለው ደረቅ ጉዝጓዝ ማንጠፍና ንጹሑን መምረጥ ነው። እንቁላሉ ከሰባት ቀን በላይ ሳይቆይ ቢገባ ይመረጣል። በ7ኛው ቀን በእጅ ባትሪ ብርሃን አይቶ ያልዳበረውን መለየትም ያስፈልጋል፤ አለዚያ የአውራ ዶሮ እጥረት ያመጣው ኪሳራ በእርጥበት ይሳበባል። ያልዳበሩት ከወጡ የመነሻ ክብደታቸው ከስሌቱ መቀነስ አለበት።

የወረዳ እንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቶች ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት አለ። ማሽን ለተደራጁ ወጣቶች ሲሰጥ ሚዛንና የሙቀት መለኪያ አብሮ ቢሰጥ ተጨማሪ ወጪው ከአንድ ዙር ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሪፖርትም የማሽን ቁጥርን ብቻ ሳይሆን የገባውን፣ የዳበረውንና የተፈለፈለውን እንቁላል ለየብቻ ማሳየት ይኖርበታል። የእርባታ ባለሙያዎች በቆላ፣ በወይና ደጋና በደጋ ቀበሌዎች አንድ አንድ ዙር ሞክረው ውጤቱን ቢመዘግቡ ለሚቀጥለው ክረምት የራሱ የወረዳው መመሪያ ይኖራል።

የተፈለፈለው ጫጩትም በክረምት ሙቀት፣ ደረቅ ጉዝጓዝና የፈንግል ክትባት ይፈልጋል። እነዚህ ያልተዘጋጁለት አርሶ አደር እንቁላሉን ማሽን ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ቢያዘጋጃቸው የ21 ቀን ድካሙ በሳምንት ውስጥ ከመጥፋት ይድናል።