የሩቁን አውቀን የቅርቡን ሳናይ

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት የክፍል ጓደኛዬ ስለ አንድ የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ አጫወተኝ። ቦታው በጃፓን አገር በካማኩራ ከተማ ነው። አረንጓዴው ባቡር እንዴት እንደሚያልፍ፣ ከበስተኋላውም ባሕሩ እንዴት እንደሚታይ በዓይኑ እንዳየ ሰው ገለጸልኝ። ያየው ግን «ስላም ዳንክ» በተባለው፣ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓን ቴሌቪዥን በታየው አኒሜ ውስጥ ነው። እኔም «ሐዳርንስ አይተኸዋል?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። የሚያሳፍረው ግን እኔም አለማየቴ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የሁለታችን ዝምታ ነው።

አኒሜ ማለት በሥዕል የተሠራ የጃፓኖች ፊልም መሆኑን ተማሪዎች ያውቃሉ፤ ለወላጆች ግን ጥቂት ላስረዳ። ሠዓሊዎቹ ብዙ ጊዜ እውነተኛ መንደር፣ ደረጃ ወይም ጣቢያ አይተው ይሥላሉ። ፊልሙን የወደዱ ሰዎችም ያንኑ ቦታ ፈልገው ይሄዳሉ። ጃፓኖች ይህን ጉዞ ወደ ቅዱስ ስፍራ ከመሳለም ጋር አመሳስለው ይጠሩታል። በ2008 ዓ.ም. የማኮቶ ሺንካይ «ኪሚ ኖ ና ዋ» ከታየ ወዲህ፣ በቶኪዮ በሱጋ መቅደስ አጠገብ ያለው ተራ ደረጃ ከሩቅ አገር ጭምር እንግዳ ይመጣለታል።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው፣ ጎጃም ሲደርስ ማንኩሳንና ዲማን ሳያይ ማለፍ ይከብደዋል። የካማኩራው ማቋረጫም ቢሆን ሳይሣል በፊት ሰው ባቡር እስኪያልፍ የሚቆምበት ቦታ ብቻ ነበረ። ስለዚህ ቦታን የሚያስከብረው ልብ ብሎ ያየው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ሚሌን ማን ልብ ብሎ አየ? ከጅቡቲ ጭነት ይዘው የሚያልፉ ሾፌሮች ስሟን የሚያነሡት ከኬላው ጋር ነው። ከወሎ ደጋ ወርዶ ወደ አዋሽ የሚገባውን የሚሌን ወንዝ፣ ማለዳ ወደ ውሃ የሚወርዱትን ግመሎች፣ በዘንባባ ምንጣፍ የሚሠራውን የአፋር ቤት ስንቶቻችን ሥለናል? በ1967 ዓ.ም. የውጭ አገር ሊቃውንት በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ፣ በሐዳር፣ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላትን ድንቅነሽን አገኙ። እነርሱ ባሕር ተሻግረው መጡ፤ እኛ ግን እዚሁ ተቀምጠን አላየነውም። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለእኛ ነው።

አንዳንድ ሰው «ጎብኚ ቢበዛ ሁከት ያመጣል» ይል ይሆናል። እውነት ነው። በካማኩራ ሥዕል ለማንሣት አስፋልት ላይ የሚቆመው ሕዝብ ነዋሪውን እጅግ ስላስቸገረ፣ ከተማው ጠባቂ እስከ ማቆም ደርሷል። ስልኩን ደቅኖ ሥዕል ብቻ ይዞ የሚመለስ ሰው ቦታውን አየ ለማለት ያዳግተኛል።

መድኃኒቱ ግን ከዚሁ ከአገራችን አለ፤ ይኸውም ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንደበቀለ፣ ማን እንደታመመ ተጠያይቀው ነው የሚለያዩት። የሰማውን አዛብቶ የሚያወራ ሰው አይከበርም። ማናቸውም ጎብኚ እንዲህ ቢያደርግ፣ ማለት አስቀድሞ ሰላምታ ቢሰጥ፣ የቦታውን ሰው ቢጠይቅ፣ ያየውንም በትክክል ቢያወራ፣ ነዋሪው ባልተማረረ ነበር።

ስለዚህ መምህራኖቻችን በሚመጣው ዓመት ተማሪዎችን ወደ ሐዳር ይዘው እንዲሄዱ፣ አገሩን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌም አብሮ እንዲጓዝ እለምናለሁ። ወላጆችም «ድንጋይ ለማየት ይህን ያህል መንገድ!» ብለው እንዳይከለክሉ አደራ እላለሁ። የመሣል ተሰጥዎ ያላችሁ ጓደኞቼ ሆይ፣ የጃፓንን ባቡር ማሳመራችሁን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ከደብተራችሁ አንዱን ገጽ ለሚሌ ወንዝ ተዉለት።

እኔ ዘንድሮ ትምህርቴን እጨርሳለሁ። ከፈተናው በኋላ ከዚያ ጓደኛዬ ጋር ሐዳርን ለማየት ቃል ተግባብተናል። ወደፊት በሄድኩበት አገር ሁሉ «ከወዴት ነህ?» ተብዬ ስጠየቅ፣ ከኬላው ሌላ የምናገረው እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ።